ካንዴላ፦ የታሪኩ አመጣጥና በአሮጌ ስፖርት አውቶሞቢል ላይ ያለው አመራረጥ

የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፣ ስለ ድንበርና ስለ ውል መጻፍ ልማዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ርእስ ግን ከአንድ ጣት ብዙ የማይበልጥ፣ በቤንዚን ሞተር ራስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በአገራችን ጋራዦች ካንዴላ እየተባለ የሚጠራው ነው። አንዳንድ አንባቢ፣ ይህ ለመካኒክ እንጂ ለታሪክ ተማሪ የሚሆን ነገር አይደለም ይል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰው በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ የተሠራ ስፖርት አውቶሞቢል ቢኖረውና ካንዴላውን ሊለውጥ ቢነሣ፣ የሚገጥመው ችግር በመሠረቱ የታሪክ ችግር ነው። በእጁ ያለው የፋብሪካው መምሪያ መጽሐፍ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው፤ በመጽሐፉ የተጠቀሰው የካንዴላ ዓይነት ብዙ ጊዜ በዚያ ስም አይሸጥም፤ የቍጥሩ ትርጉም ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ፣ ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል፤ ቤንዚኑም የዚያ ዘመን ቤንዚን አይደለም። ሰነዱን ከተጻፈበት ዘመን ጋር ሳያገናዝብ ያነበበ ሰው የሚከፍለው ዋጋ መጥፎ የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም፤ የተበሳ ፒስቶን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ካንዴላ ከየት ተነሥቶ ዛሬ ካለበት ደረጃ እንደ ደረሰ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ታሪክ ለአሮጌ ስፖርት አውቶሞቢል ካንዴላ በመምረጥና በመለወጥ ረገድ ምን እንደሚጠቅም ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

፩. ስለ ስሙና ስለ ሥራው

ካንዴላ የኢጣልያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ማለት ነው። በአገራችን የመካኒክ ቋንቋ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካቻቪቴና እንደ ቴስታታ ያሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ እንደ ገቡ፣ ይህም ቃል በዚያው መንገድ ገብቶ ቀርቷል። የሚያስደንቀው ግን ኢጣልያኖች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ፈረንሳዮችም ዕቃውን የሚጠሩት ሻማ በሚል ቃል ነው፤ ጀርመኖች የሚለኵስ ሻማ ይሉታል፤ ዐረቦችም ሸምዓ ይሉታል፤ ይህም ከእኛው ሻማ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። እንግሊዞች ግን የብልጭታ ውታፍ ብለው ሰይመውታል። ሁለቱም አሰያየም እውነትነት አለው። ዕቃው እሳት ስለሚሰጥ ሻማ ነው፤ የሞተሩን ቀዳዳ ስለሚደፍን ደግሞ ውታፍ ነው።

ሥራውም ከነዚህ ከሁለቱ ስሞች ይታወቃል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ጨምቆ ሲያበቃ፣ ከ10,000 ቮልት በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ ኀይል በካንዴላው መካከለኛ ኤሌክትሮድ ይወርድና ወደ ጐኑ ኤሌክትሮድ ይዘልላል፤ በዝላዩም ጊዜ ብልጭታ ይፈጠርና ድብልቁ ይቀጣጠላል። በአራት ምት በሚሠራ ሞተር እያንዳንዱ ካንዴላ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያበራል። ሞተሩ በደቂቃ 5,400 ዙር ሲዞር፣ አንዱ ካንዴላ በደቂቃ 2,700 ጊዜ፣ ማለት በሰኮንድ 45 ጊዜ ብልጭታ ይሰጣል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ከውጭ የማይታይ፣ ነገር ግን ከብልጭታው የማያንስ ሥራ አለው። ይኸውም የራሱን ሙቀት መጠበቅ ነው። የካንዴላው አፍንጫ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከቀዘቀዘ፣ ጥላሸትና ዘይት ይከማችበትና ኤሌክትሪኩ በጥላሸቱ በኩል እየሾለከ ብልጭታው ይጠፋል። ከ850 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ደግሞ አፍንጫው ራሱ ፍም ይሆንና ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥለዋል። የካንዴላ ታሪክ ሁሉ በነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል የመቆየት ትግል ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፪. ከካንዴላ በፊት

በኤሌክትሪክ ብልጭታ ጋዝ ማቀጣጠል እንደሚቻል ያሳየው ኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ከረግረግ የሚወጣውን ጋዝ አጠራቀመ፤ ቀጥሎም ጋዙን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በብልጭታ የሚተኰስ መሣሪያ ሠራ። ይህ ግን የላቦራቶሪ ጥበብ እንጂ ሞተር አልነበረም።

በ1860 በፓሪስ ይሠራ የነበረው ኤትዬን ለኗር በጋዝ ለሚሠራ ሞተሩ የባለቤትነት ማስረጃ ተቀበለ። ለኗር ድብልቁን ያቀጣጥል የነበረው ከባትሪ በሚመጣና በሩምኮርፍ ጥቅል ሽቦ በጐለበተ ብልጭታ ነው፤ ብልጭታው የሚዘልልበትም ዕቃ በፖርሴሊን ሸክላ የተከለለ ስለ ነበር የካንዴላ አባት ሊባል የሚገባው ነው። ሞተሩ ድብልቁን አስቀድሞ ስለማይጨምቅ ካንዴላው የሚደርስበት ግፊትና ሙቀት ብዙ አልነበረም።

ከለኗር በኋላ ነገሩ በቀጥታ ወደ ፊት አልሄደም። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 አራት ምት ያለውን ሞተር ሲያቆም፣ እሳቱን ያስገባ የነበረው በሚንሸራተት በር በኩል ከውጭ በሚነድ ነበልባል ነው። ጎትሊብ ዳይምለር ደግሞ በ1880ዎቹ በጋለ ቱቦ መለኰስን መረጠ፤ ቱቦው ከሞተሩ ጐን ተተክሎ ከውጭ በፋኖስ ይግላል፤ ሲጨመቅ ወደ ቱቦው የሚገባው ድብልቅ ይቀጣጠላል። ይህ ዘዴ ቀላል ነበረ፤ ነገር ግን ነፋስ ፋኖሱን ያጠፋዋል፤ ቤንዚን በሚሸከም ጋሪ ላይ ነበልባል ማኖርም አደጋ አለው፤ ከሁሉም ይልቅ እሳቱ የሚጀምርበትን ጊዜ እንደ ልብ ማዘዝ አይቻልም። ካርል ቤንዝ በ1886 ባለ ሦስት እግር አውቶሞቢሉን ሲያስመዘግብ በኤሌክትሪክ መለኰስን መረጠ። ቤንዝ የማቀጣጠልን ነገር ከችግሮች ሁሉ የከበደ ችግር አድርጎ ይቈጥረው እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ነገሩን የቈረጠው የሞተሮች ፍጥነት ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ የፈረንሳዩ ደ ዲዮን ቡቶን ፋብሪካ ያወጣው ትንሽ ሞተር በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ ይዞር ነበር፤ ለዚህ ፍጥነት የጋለ ቱቦ የሚበቃ አልሆነም። ትንሽና ፈጣን ሞተር የሚፈልግ ሁሉ ወደ ብልጭታው መመለስ ግድ ሆነበት።

፫. ከ1898 እስከ 1922፤ የስምና የንግድ ዘመን

በ1898 ሦስት ሰዎች፣ ማለት ኒኮላ ቴስላ በአሜሪካ፣ ፍሬዴሪክ ሲምስና ሮበርት ቦሽ በእንግሊዝ፣ ከኤሌክትሪክ ማቀጣጠል ጋር የተያያዘ የባለቤትነት ማስረጃ አወጡ። ስለዚህ ካንዴላን የፈጠረው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም መስጠት የታሪክ ተማሪ የማይገባው ነገር ነው። ዕቃው ከብዙ እጅ የወጣ ነው።

ይሁን እንጂ ወደ ገበያ ያደረሰው ሥራ የጎትሎብ ሆኖልድ ነው ለማለት ይቻላል። በሽቱትጋርት ከተማ በቦሽ ዘንድ ይሠራ የነበረው ይህ መሐንዲስ በ1902 ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ማግኔቶና ከርሱ ጋር የሚሠራ ካንዴላ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው የቦሽ ማግኔቶ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገናኝና የሚለያይ ብረት ያስፈልገው ነበር፤ ተንቀሳቃሽ ብረት ከእሳት ውስጥ ወጥቶ ብልጭታው በባዶ ክፍተት ላይ መዝለሉ ሞተሮች ያለ ገደብ እንዲፈጥኑ መንገድ ከፈተ። በእንግሊዝም የፊዚክስ ሊቁ የሰር ኦሊቨር ሎጅ ልጆች በአባታቸው ጥናት ላይ ተመሥርተው በ1903 የማቀጣጠያ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ከዚህም ሎጅ የተባለው ካንዴላ ወጣ።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ለስም ጉዳይ ምሳሌ የሚሆን ነው። በ1899 ከፓሪስ እስከ ሩቤ በሚደረገው የቢስክሌት እሽቅድምድም ያሸነፈው ፈረንሳዊ አልበርት ሻምፒዮን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1905 በቦስተን በስሙ ኩባንያ አቋቋመ። በ1908 ከዚያ ወጥቶ በፍሊንት ከተማ ከዊልያም ዱራንት ጋር ሌላ ኩባንያ ሲጀምር፣ ስሙ ግን በቦስተን ኩባንያ ላይ ቀረ፤ ያም ኩባንያ በስትራናሃን ወንድማማቾች እጅ ሆኖ በ1910 ወደ ቶሊዶ ከተማ ተዛወረ። በስሙ ላይ ክርክር ተነሥቶ የሰውየው ኩባንያ በ1922 ኤ ሲ የተባለውን የስሙን መነሻ ፊደላት ብቻ ያዘ። ስለዚህ ሻምፒዮን ተብሎ በብዙ አሮጌ የመምሪያ መጽሐፍ የሚገኘው ካንዴላ የአቶ ሻምፒዮን ሥራ አይደለም፤ የርሱ የነበረው ኤ ሲ ነው። ስም ብቻውን ምስክር እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

፬. የሙቀት ነገር

እስከ 1910 ገደማ ጥያቄው ብልጭታ ማግኘት ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሙቀት ሆነ። ለዚህም ምክንያት የሆኑት የእሽቅድምድም አውቶሞቢልና አውሮፕላን ናቸው።

ካኦሊን፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ተቀላቅለው የሚሠሩት የፖርሴሊን ሸክላዎች በብርቱ ሞተር ላይ ይሰነጠቁ ነበር። የእሽቅድምድም ነጂው ኬኔልም ሊ ጊነስ በ1912 ገደማ በሸክላው ፈንታ ሚካ የተባለውን ተደራራቢ ማዕድን አድርጎ ካንዴላ ሠራ፤ በሎንዶን አጠገብ በፑትኒ ቬል ያቋቋመውም ፋብሪካ ኬ ኤል ጂ ተብሎ በስሙ መነሻ ፊደላት ተጠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እነዚህ ካንዴላዎች በአውሮፕላን ሞተሮች ላይ አገለገሉ። ጊነስ ራሱ በ1922 በብሩክላንድስ ሰንቢም በተባለው መኪና በሰዓት 133.75 ማይል በመንዳት የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ዕቃውን የሚሠራውና በዕቃው ሕይወቱን የሚያሰነብተው አንድ ሰው ሲሆን ሥራው ፈጥኖ እንደሚሻሻል ይህ ታሪክ ያሳያል።

በዚሁ ዘመን ሙቅ ካንዴላና ቀዝቃዛ ካንዴላ የሚለው አከፋፈል እየተደረጀ መጣ። አነጋገሩ ለአዲስ ሰው ግራ ያጋባል፤ ብልጭታው አይሞቅም አይቀዘቅዝም። ልዩነቱ ያለው በሸክላው አፍንጫ ርዝመት ነው። አፍንጫው ረዥም ከሆነ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አካልና ወደ ቴስታታው እስኪደርስ ረዥም መንገድ ስለሚሄድ ካንዴላው ይግላል፤ ይህ ሙቅ ይባላል። አፍንጫው አጭር ከሆነ ሙቀቱ ፈጥኖ ይሸሻል፤ ይህ ቀዝቃዛ ይባላል። ቀስ ብሎ የሚሄድና ብዙ የማይጨምቅ ሞተር ጥላሸቱን የሚያቃጥልለት ሙቅ ካንዴላ ያስፈልገዋል፤ ብዙ የሚጨምቅና የሚፈጥን ሞተር ግን ቀዝቃዛ ይሻል። ስፖርት አውቶሞቢል የሚያስቸግረው ከሁለቱም ወገን ስለሆነ ነው። እሑድ በከተማ በዝግታ ይሄዳል፤ ማግስቱን በአውራ ጎዳና ይበርራል። አንዱ ካንዴላ ለሁለቱም መብቃት አለበት።

፭. ሸክላውና ነዳጁ

በ1921 መጨረሻ ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ ዘንድ ሲመራመር ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውሁድ ሞተር እንዳያንኳኳ እንደሚከላከል አገኘ፤ በ1923ም በአሜሪካ በዴይተን ከተማ ለሽያጭ ቀረበ። ይህ ግኝት ሞተሮች ድብልቁን አብልጠው እንዲጨምቁ አስቻለ፤ የስፖርት አውቶሞቢሎች ኀይል የጨመረው በአንድ በኩል በዚህ ነው። ነገር ግን እርሳሱ በካንዴላው አፍንጫ ላይ እየጋገረ አዲስ ችግር አመጣ፤ ዘይት በድርብርቦቹ መካከል የሚገባበት ሚካም ለዚህ ነዳጅ የተመቸ አልነበረም። መልሱ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። በጀርመን ሲመንስ፣ በሌሎችም አገሮች ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች አሉሚና የተባለውን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ጨምቀው በብርቱ እሳት በመተኰስ አዲስ ሸክላ ሠሩ። አሉሚና እስከ 2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይቀልጥም፤ ሙቀትንም ከፖርሴሊን ብዙ ዕጥፍ ያስተላልፋል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ካንዴላ ሁሉ በዚህ ሸክላ ላይ የቆመ ነው።

የእርሳሱ ዘመን ግን አልቋል። የሰውን፣ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ መሆኑ ስለ ታወቀ አገሮች ተራ በተራ ተዉት፤ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች በ2006 መጀመሪያ አቆሙ፤ በመጨረሻም በ2021 አልጄሪያ ስታቆም በዓለም ላይ ለአውቶሞቢል የሚሸጥ ባለ እርሳስ ቤንዚን ማብቃቱን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አስታወቀ። ይህ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም የ1960ዎቹ መምሪያ መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ባለ እርሳስ ቤንዚን ነውና።

፮. ምሳሌ፤ ሁለት የኤም ጂ አውቶሞቢሎች

ነገሩን በተግባር ለማየት በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ የተሠሩትን የኤም ጂ ስፖርት አውቶሞቢሎች እንውሰድ።

የመጀመሪያው ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው ኤም ጂ ኤ ትዊን ካም ነው። ሞተሩ 1,588 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን ድብልቁን 9.9 ለ1 ይጨምቅ ነበር። ይህ ሞተር ፒስቶን በመብሳት ክፉ ስም አተረፈ። አንዱ የቤንዚኑን ጥራት፣ ሌላው የብልጭታውን ጊዜ መቅደም፣ ሌላውም የካንዴላውን ዓይነት ከሰሰ፤ ፋብሪካውም ቈይቶ የመጭመቁን መጠን ወደ 8.3 ለ1 ዝቅ አደረገ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ዋናውን ምክንያት በሌላ ስፍራ አገኙት፤ ሞተሩ በአንዳንድ ፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ካርቡራተሩ ቤንዚን እያሳነሰ ይሰጥ ነበር ይላሉ። የተሠሩት ሁሉ 2,111 ብቻ ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ ካንዴላ የእሳቱ ምስክር እንጂ ሁልጊዜ በደለኛ አለመሆኑን ነው። ለተበሳ ፒስቶን አንድ ምክንያት ብቻ መፈለግ፣ ለአንድ መንግሥት ውድቀት አንድ ምክንያት ብቻ እንደ መፈለግ ያለ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ከ1962 እስከ 1980 የተሠራው ኤም ጂ ቢ ነው፤ ከነልዩ ልዩ ዓይነቱ ከ500,000 በላይ ስለ ተሠራ ዛሬም ብዙ ይገኛል። ሞተሩ 1,798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መምሪያ ሻምፒዮን ኤን 5 ያዝዛል፤ የኋለኛው ኤን 9 ዋይ ይላል። የክፍተቱ መጠን 0.025 ኢንች፣ ማለት 0.64 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤን የሚለው ፊደል ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ስፋትና 19 ሚሊ ሜትር ርዝመት እንዳለው ያመለክታል፤ ቍጥሩ የሙቀቱ ደረጃ ነው፤ ዋይ የሚለው አፍንጫው ወደ እሳቱ ወጣ ብሎ መሠራቱን ይነግራል። ወጣ ያለ አፍንጫ ሞተሩ ሲዘገይ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ሲፈጥን ደግሞ የሚገባው ቀዝቃዛ ድብልቅ ያበርደዋል፤ ቀደም ብለን ያልነውን የከተማና የአውራ ጎዳና ችግር በከፊል የፈታው ይህ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የኤን 9 ዋይ ተተኪ የሆነው ኤን 9 ዋይ ሲ ነው፤ ሲ የሚለው ፊደል በኤሌክትሮዱ ውስጥ መዳብ መኖሩን ያሳያል። በጃፓኑ ኤን ጂ ኬ አቈጣጠር ተመጣጣኙ ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ ነው፤ በቦሽ ደግሞ ደብልዩ 7 ዲ ሲ ነው። የዚሁ ሙቀት አሮጌው የቦሽ ቍጥር 175 ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሙቀት 9፣ 6፣ 7 እና 175 የሚሉ አራት ቍጥሮች አሉን። ከዚህም የባሰ፣ አቅጣጫቸው አይስማማም። በሻምፒዮንና በዛሬው ቦሽ ቍጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይሞቃል፤ በኤን ጂ ኬ ግን ቍጥሩ ሲጨምር ይቀዘቅዛል። የቦሽ የራሱ አሮጌ ቍጥር ደግሞ ከአዲሱ በተቃራኒ ነው፤ 225 የሚለው ከ145 ይልቅ ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ ካንዴላ እፈልጋለሁ ብሎ ባንዱ ፋብሪካ ልማድ ቍጥሩን ከፍ የሚያደርግ ሰው፣ በሌላው ፋብሪካ ዕቃ ላይ የሚያገኘው ሙቁን ነው፤ የተበሳው ፒስቶን የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የጥርሱም ርዝመት እንዲሁ ነው። ከኤም ጂ ኤ በፊት የነበረው ኤም ጂ ቲ ዲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ፣ የቀደሙት ሞተሮች ቴስታታ ግማሽ ኢንች ጥርስ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ያለው ካንዴላ ይወስድ ነበር። የመኪናው ስም አንድ ነው፤ ቴስታታው ግን ሁለት ነው። ረዥሙን በአጭሩ ስፍራ ያስገባ ሰው ጥርሱን በእሳቱ ውስጥ ያጋልጠዋል፤ በአንዳንድ ሞተርም ፒስቶኑ ሊመታው ይችላል። አጭሩን በረዥሙ ስፍራ ያስገባ ደግሞ ባዶ በቀረው የቴስታታ ጥርስ ላይ ከሰል እንዲጋገር ያደርጋል። በተለይም በአሮጌ መኪና ላይ በዘመናት ብዛት ቴስታታው ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጽሐፉ ይልቅ የወጣውን ካንዴላና ቀዳዳውን ለክቶ ማመን ይገባል።

፯. አለዋወጡና የወጣው ካንዴላ ምስክርነት

አለዋወጡ ራሱ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ ይልቁንም ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ በጋለበት ጊዜ መፍታት ጥርሱን ያበላሻል። ሽቦዎቹ እንዳይዛነፉ ከ1 እስከ 4 ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በኤም ጂ ቢ 1 ቍጥር በራዲያተሩ በኩል ያለው ሲሆን የማቀጣጠሉ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ሽቦው ሲነቀል ከኮፍያው ይያዛል እንጂ ከራሱ ከሽቦው አይጐተትም። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለው አሸዋና ቆሻሻ በአየር ይነፋል፤ አለዚያ ሲፈታ ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል።

የወጡትን ካንዴላዎች በየተራቸው መደርደር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሲሊንደር ይመሰክራል። አፍንጫው ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ወይም ካንዴላው ለሥራው ቀዝቃዛ ነው። በዘይት የረጠበ ከሆነ የፒስቶን ቀለበት ወይም የቫልቭ መሪ አልቋል፤ ይህን ካንዴላ በመለወጥ ማዳን አይቻልም። አፍንጫው ነጭ ሆኖ ካበጠና ኤሌክትሮዱ ከቀለጠ ሙቀቱ አልፏል፤ ያን ጊዜ የብልጭታውን ሰዓት፣ የካርቡራተሩንም መጠን ሳይመረምሩ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። ከአራቱ አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ፣ ጥፋቱ በካንዴላው ምርጫ ሳይሆን በዚያ ሲሊንደር ነው።

እዚህ ላይ የነዳጁን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሮጌ መጻሕፍት ያሉት የቀለም ሥዕሎች የተሣሉት በባለ እርሳስ ቤንዚን ዘመን ነው። እርሳስ የሌለው ቤንዚን በአፍንጫው ላይ የሚተወው ቀለም አነስተኛ ስለሆነ፣ ደኅና የሆነ ካንዴላ በዚያ ሥዕል መሠረት እጅግ የነጣ መስሎ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው ያልታመመ ሞተር ሊያክም ይነሣና ቤንዚኑን አብዝቶ በጥላሸት ያፍነዋል።

አዲሱ ካንዴላ ከመግባቱ በፊት ክፍተቱ በስስ ብረት መለኪያ ይለካል፤ ማስተካከል ቢያስፈልግ የሚታጠፈው የጐኑ ኤሌክትሮድ ብቻ ነው፤ መካከለኛውን የገፋ ሰው ሸክላውን ይሰብራል። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ አሮጌው ኮይል ብልጭታውን ማዝለል ያቅተዋል፤ ሲጠብ ደግሞ ብልጭታው ደካማ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ካንዴላው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይገባል፤ በጣት እንቢ ካለ ጥርሱ ተዛንፏልና በመፍቻ ማስገደድ የቴስታታ ኪሳራ ነው። ቀለበቱ ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ካንዴላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ቢጠብቅ ይበቃዋል። የኤም ጂ ቢ ፋብሪካ በየ12,000 ማይሉ እንዲለወጥ ያዝዝ ነበር።

ውድ የሆኑ የኢሪዲየም ካንዴላዎች በገበያ አሉ፤ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። ነገር ግን ሙቀታቸው፣ የጥርሳቸው ርዝመትና ክፍተታቸው ከሞተሩ ጋር ካልተስማማ ክቡርነታቸው የሚጠቅም አይደለም። የራዲዮ ጩኸት የሚከላከል መቋቋሚያ ያለበትንም ካንዴላ ለመውሰድ ሲታሰብ፣ ሽቦው ወይም ኮፍያው አስቀድሞ መቋቋሚያ እንዳለው ማየት ይገባል።

፰. ማጠቃለያ

አበው፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚሉት፣ የካንዴላን ነገር ከሥሩ ስናይ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ዕቃው የአንድ ፈጣሪ ሥራ አይደለም፤ ሞተር በፈጠነ፣ ነዳጅ በተለወጠ ቍጥር የተሰጡ መልሶች ክምችት ነው። ሁለተኛ፣ በመምሪያ መጽሐፍ ያለው ቍጥር ለጊዜው፣ ለነዳጁና ለፋብሪካው ልማድ የተጻፈ ሰነድ ስለሆነ፣ ወደ ዛሬው ቋንቋ ሳይተረጐም ሊሠራበት አይችልም። ሦስተኛ፣ ሰነዱና ዕቃው ባይስማሙ፣ ከሲሊንደሩ የወጣው ካንዴላ ራሱ ከሁለቱም የቀረበ ምስክር ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚታመነው ምስክርነቱ በተሰጠበት ቤንዚን ከተመረመረ በኋላ ነው።

አሮጌ ስፖርት አውቶሞቢል ጠብቀው የሚያቆዩ ሰዎች አንድ የጥበብ ዘመን ቆሞ ሳይሆን እየሄደ እንዲታይ የሚያደርጉ ናቸው። ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን የመጽሐፉን ቃል በመድገም አይደለም፤ የመጽሐፉን ምክንያት በማወቅ ነው። ከአንድ ጣት ብዙ የማይበልጠው ዕቃ ለታሪክ ትምህርት የሚያበረክተው ይህን ነው፤ ቍጥር ከማመን በፊት ቍጥሩን ማን፣ መቼ፣ ለምንስ እንደ ጻፈው መጠየቅ።